ከጀርባ ወደ ፊት፦ የአድአ ሜዳና የአዳማ ኮረብቶች በሠዓሊ ዓይን

በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ከሚገኙት የቅዱሳን ሥዕሎች መካከል ሕፃን እንኳ ሳይቸገር ለይቶ የሚያውቀው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ነው። ጻድቁ ሰውነታቸው በጠጉር ተሸፍኖ፣ ጢማቸው ወደ ታች ወርዶ፣ በአንበሶችና በነብሮች ታጅበው ይቆማሉ፤ አንዲት ወፍም ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። ስማቸው ከዝቋላ ተራራ ተለይቶ አይጠራም። ዝቋላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ፣ በአናቱ ሐይቅና ገዳም የያዘ፣ በቢሾፍቱና በሞጆ ሜዳ የቆመ ሰው ዓይን የማይስተው ተራራ ነው። ይሁን እንጂ በተለመደው የጻድቁ ሥዕል ውስጥ ዝቋላ የለም። ከቅዱሱ ኋላ ያለው ቀለም ብቻ ነው።

ይህ ከችሎታ ማነስ የመጣ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሥራው ቅዱሱን ከምእመናን ፊት ማቅረብ እንጂ ቅዱሱ የቆመበትን አገር ማስጎብኘት አልነበረም። ሥፍራ ያስፈለገው እንደ ሆነ አንድ ዛፍ ወይም አንድ የተራራ ጫፍ ይበቃዋል፤ የቀረውን ተመልካቹ ራሱ ያውቀዋል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የተስፋፋው፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ሁለተኛው የጎንደር ስልት የሚሉት አሣሣል ከምስሉ ጀርባ ያለውን ባዶ ሥፍራ በብጫ፣ በቀይና በአረንጓዴ ቀለም እያዋሐደ ይሞላው ነበር። ያ ቀለም ሰማይ ነው ወይስ ምድር? ለዘመኑ ሠዓሊ ይህ ጥያቄ ትርጉም አልነበረውም። በዚያም ላይ ቀለሙ ከፊሉ በነጋዴ እጅ ከባሕር ማዶ የመጣ ቢሆን፣ ከፊሉ ከአገሩ አፈርና ዕፀዋት ተፈጭቶ የተገኘ ስለ ነበረ፣ መሬቱ ምስል ሆኖ ከመታየቱ በፊት ቀለም ሆኖ በሥዕሉ ላይ ገብቷል ማለት ይቻላል።

ሠዓሊው ያለፈውን መልክዐ ምድር ሕዝቡ በስም ሥሎት ነበር። አዳማ የሚለው ስም በኦሮምኛ አዳሚ ከሚባለው ቁልቋል የመጣ ነው ይባላል፤ ስሙን የሰማ ሰው ደረቁን ኮረብታና በላዩ የቆመውን እሾሃማ ተክል በዓይነ ልቡናው ያያል። ቢሾፍቱም ቢሻን፣ ማለትም ውሃ፣ ከሚለው ቃል ጋር የተያያዘ ስም ነው፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ለተኙት ለእነሆራ፣ ለእነኩሪፍቱና ለእነባቦጋያ አገር ከዚህ የተሻለ መግለጫ አይገኝም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሁለቱ ከተሞች ናዝሬትና ደብረ ዘይት ተብለው ሲሰየሙ የጥንቱ ሠዓሊ ልማድ በካርታ ላይ ተደገመ፤ ቅዱሱ ቦታ ከፊት ቆመ፣ ቁልቋሉና ውሃው ከኋላ ቀሩ። የቀድሞዎቹ ስሞች ወደ መዝገብ የተመለሱት በ20ኛው ምዕተ ዓመት መዝጊያ ገደማ ነው።

የሸዋንና የስምጥ ሸለቆውን መሬት ራሱን የቻለ ርእስ አድርገው በሥዕል ካቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ የውጭ አገር ሰው ሲሆን የመጣውም በመሐንዲስ መሪነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ከቦምቤይ ተነሥቶ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከውን የእንግሊዝ ልዑካን ቡድን የመሩት ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የቦምቤይ መሐንዲሶች ጦር መኮንን ነበሩ። ጀርመናዊው ዮሐን ማርቲን በርናትዝ ደግሞ የቡድኑ ሠዓሊ ሆኖ ተጓዘ። ከታጁራ ጠረፍ ተነሥተው፣ የአፋርን በረሃና አዋሽን ተሻግረው እስከ አንኮበር ሲወጡ፣ በርናትዝ ያየውን እየሣለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1852፣ በድንጋይ ማተሚያ አሳትሞ አወጣው። በሥዕሎቹ ውስጥ ሰው ትንሽ፣ መሬት ትልቅ ነው፤ ይህ ለአገራችን ሥዕል ፈጽሞ እንግዳ የሆነ ሚዛን ነበር። ይሁን እንጂ ሥራው እንደ ሰነድ ሲመረመር ጥንቃቄ ይጠይቃል። በቦታው በተነደፈውና በታተመው መካከል ዐሥር ዓመት ያህል አለፈ፤ ቀለሙም በአውሮፓ የማተሚያ ቤት እጅ አልፎ ነው ለአንባቢ የደረሰው። የገደሉ ቅርጽ የሸዋ ቢሆን፣ ብርሃኑ ግን ከፊሉ የአውሮፓ ሰማይ ብርሃን ነው። ከሁሉ በላይ በርናትዝ አላፊ መንገደኛ ነበር። አንድን ኮረብታ በሰኔም በኅዳርም፣ በልጅነትም በሽምግልናም ያየ ሰው የሚያውቀውን ሊያውቅ አይችልም።

የአገሩ ልጅ መሬቱን ከፊት አድርጎ ለመሣል መቶ ዓመት ያህል ፈጀበት። አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ፣ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ የተማሩትን የዘይት ቀለም፣ የብርሃንና የጥላ፣ የርቀትና የቅርበት አሣሣል ይዘው ተመለሱ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋሙት፣ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይህን እውቀት የጥቂት ግለሰቦች ንብረት ከመሆን አወጣው። የማኅበሩ አባላት ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር ደግሞ አለ። በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠኑ ነበር። እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው ምህንድስናውን ትተው ወደ ሥዕል የዞሩት። ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱም ሹመት ከመቀበል ይልቅ በየጠቅላይ ግዛቱ እየዞሩ አገራቸውን ማየት መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1959 የሠሩት ዝነኛ ሥዕል «የመስቀል አበባ» ተብሎ መሰየሙ ለዚህ ጉዳይ ትርጉም አለው፤ ርእሱ ሴት ብትሆንም ስሙ ግን ወቅትና ሜዳ ነው። አፈወርቅ የማዕድን መሐንዲስ ሆነው ቢመለሱ ኖሮ ተራራውን የሚያውቁት በውስጡ በያዘው ነገር ብቻ ይሆን ነበር ብሎ መገመት ምናልባት ለሙያችን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ግምቱ ግን ከአእምሮ አይወጣም።

አፈወርቅ መላውን አገር በአንድ ሸራ ለመያዝ የሞከሩ ሠዓሊ ነበሩ። አንድን ቦታ ይዞ ዕድሜ ልኩን ከቦታው ያልራቀ ሠዓሊ የሚፈልግ ግን ወደ አድአ መውረድ አለበት። ለማ ጉያ እ.ኤ.አ. በ1928 በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተወለዱ፤ በቢሾፍቱ ሰፍሮ በሚገኘው አየር ኃይል ውስጥ በቴክኒክ ሙያ አገለገሉ፤ ሥዕልንም ከሥራቸው ጎን ለጎን በራሳቸው ጥረት አሳደጉ። በአጭሩ፣ በቀን የሞተርና የብሎን ሰው፣ በማታ የቀለም ሰው ነበሩ። የአረጋውያንን ፊት፣ የገበሬውን ኑሮ፣ የአካባቢያቸውን መልክዐ ምድር ሥለዋል። በዓለም የታወቁት ግን በፍየል ቆዳ ላይ በሠሯቸው ሥዕሎች ነው። ወንድማቸው ቱሉ ጉያም በዚሁ መንገድ ታዋቂ ሠዓሊ ለመሆን በቅተዋል።

የፍየሉ ቆዳ ነገር በጥቂቱ ሊታይ ይገባዋል። ብራና ፋቂዎች ቆዳውን በእንጨት ላይ ወጥረው ሥጋውንና ጠጉሩን የሚያስወግዱበት ጥበብ በአገራችን ከሺህ ዓመት በላይ የኖረ ነው፤ ለስላሳ እንዲሆን የሚታሸውም ፑሚስ በምንለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ እንደ ልብ የሚገኝ፣ ዛሬም የብሎኬት ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ የሆነ ነገር ነው። ቆዳ ግን ለመልክዐ ምድር ሠዓሊ አስቸጋሪ ገበታ ነው። ሸራ አራት ማዕዘን ሲሆን ቆዳ በተፈጥሮው ማዕዘን የለውም፤ በጀርባው ወፍራም በሆዱ ስስ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ወፍራም ቀለም ከተቀባበትም ቀለሙን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ የአድማሱን መስመር ቀጥ አድርጎ በቆዳ ላይ መዘርጋት ከስስ ቀለምና ከትዕግሥት በቀር መንገድ የለውም። በአንጻሩ ቆዳው ሠዓሊው ያልደከመበትን አንድ ጸጋ ይሰጣል። ያልተቀባው የቆዳ ገጽ ራሱ በበጋ የአድአ ሜዳ ላይ የሚንሳፈፈውን የአቧራ ቀለም ይመስላል።

የአድአ ሜዳ ለቀለም ሰው ምን ያህል ሀብታም መሆኑን ለመረዳት ዓመቱን መከተል ያስፈልጋል። መሬቱ በአብዛኛው መረሬ ነው። መንገድ ሠሪ መረሬን በጠላትነት ያውቀዋል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የተሠራበትን ሁሉ ያናጋል። ለሠዓሊው ግን በዓመት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቀለም አለው። በሐምሌ ሲታረስ ድፍን ጥቁር ነው፤ ውሃ ባቆረ ጊዜ ሰማዩን ያንጸባርቃል፤ በየካቲት ተሰነጣጥቆ አመድማ ይሆናል። በመስከረም ዝናሙ ሲቆም አየሩ ከአቧራ ነጽቶ ከሩቁ ያሉት ዝቋላና የረር ሰማያዊ ሆነው ቀርበው ይታያሉ፤ በማሳው ጠርዝና በኮረብታው ጎን አደይ አበባ ይነጠፋል። በሆራ አርሰዲ ለኢሬቻ የሚወርደው ሕዝብ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ በእጁ የሚይዘው በዚህ ወቅት ነው፤ የመሬቱን ሁለት ዋና ቀለሞች ሕዝቡ ራሱ መርጦ ወደ ውሃው ይዞ ይወርዳል። ከዚያም ጤፉ ይነሣል። የአድአ ማኛ ጤፍ በጥቅምት አረንጓዴ ሆኖ ነፋስ ሲያስተኛው ብርማ ይሆናል፤ በኅዳር ወርቅማ ይሆንና ከአንድ ወር በኋላ ሁሉም ታጭዶ የክምር ጉብታዎች ብቻ በሜዳው ላይ ይቀራሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል «የጤፍ ማሳ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ብዙ ቀለም ያመልጠዋል።

ከሞጆ ወደ አዳማ ሲወረድ ገበታው ይለወጣል። መሬቱ ከመረሬነት ወደ ቀላልና አመድማ አፈር ያልፋል፤ ግራር ይበዛል፤ አየሩ ይሞቃል። አዳማ በኮረብቶች ተከቦ እንደ ገበታ ተዘርግቶ የተኛ ከተማ ነው፤ በስተ ምሥራቅ የቦሰት ተራራ ይታያል። ከመስከረሙ ጥቂት ሳምንታት በቀር ቀለሙ የበጋ ቀለም፣ ማለትም የዳቦ ቅርፊት፣ የቡላና የሸክላ ቀለም ነው። ይህን የሚሥል ሰው አረንጓዴ ቀለሙን መቆጠብ ይኖርበታል። ለገበያ የሚሠሩ ብዙ የመልክዐ ምድር ሥዕሎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ደረቁን ኮረብታ እንደ ጅማ አረንጓዴ ካላለበሱት ያማረ አይመስላቸውም።

በአዳማ ዙሪያ ያለው አረንጓዴ መሬት ደግሞ በአብዛኛው የመሐንዲስ ሥራ ነው። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በወንጂ የአዋሽን ውሃ በቦይ አስገብቶ በ1946 ዓ.ም. የስኳር ፋብሪካውን ሥራ ሲያስጀምር፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነ የሸንኮራ አገዳ ሜዳ በደረቅ ኮረብቶች መካከል ተዘረጋ። በ1952 ዓ.ም. ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ ሲጠናቀቅ ቀድሞ ሐይቅ ባልነበረበት ሐይቅ ተፈጠረ። ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ በሜዳው ላይ ከአድማስ እስከ አድማስ የመጀመሪያውን ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ ነበር። በወንጂ ተወልዶ ያደገ ሰው የልጅነቱን አገር ሣል ቢባል የሚሥለው አገዳውን፣ ቦዩንና የፋብሪካውን ጭስ ነው። የሚወደው መልክዐ ምድር በቀያሽ ጠረጴዛ ላይ የተነደፈ መሆኑ ፍቅሩን አይቀንሰውም። ስለዚህ ሠዓሊ ጠባቂ፣ መሐንዲስ አጥፊ ነው የሚለው ቀላል አባባል በዚህ ምድር አይሠራም።

ይሁን እንጂ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የቀይ አሽ ጉዳይ ነው። ከቢሾፍቱ እስከ አዳማና ከዚያም ወዲያ በሜዳው ላይ ተበታትነው የሚታዩት ሾጣጣ ኮረብቶች ብዙዎቹ ከእሳተ ገሞራ የተተፋ ፍርፋሪ ክምር ናቸው። ፍርፋሪው በግለት ላይ እያለ አየር ሲያገኘው በውስጡ ያለው ብረት ዝጎ ቀይ ይሆናል፤ አየር ያላገኘው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሠዓሊው ከቱቦ የሚያወጣው ቀይ የአፈር ቀለም ዋና ንጥረ ነገርም ይኸው የብረት ዝገት ነው። ኮረብታው ቆሞ ሳለ በሣርና በቁጥቋጦ ስለ ተሸፈነ ይህ ቀለም አይታይም። ኤክስካቫተር ጎኑን ሲቆርሰው ግን ቀዩ፣ ጥቁሩና ብርቱካንማው ንጣፍ ተራ በተራ ይገለጣል። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው በአካባቢው ከሚያያቸው ቀለሞች ሁሉ ደማቁ የካባው ቁስል መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ቀይ አሽ ለግንባታ ምቹ ነው። ቀላል ነው፣ ውሃ ያሳልፋል፣ ያለ ፈንጂ ይቆፈራል፣ መረሬውን አስወግዶ ለመሙላት ከእርሱ የረከሰ ነገር የለም። ለመንገድ፣ ለወለል ሙሌትና ለብሎኬት በገልባጭ መኪና ይጋዛል። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ኮረብቶች ግማሽ ጎናቸው ተወስዷል፤ ከሥራቸው ተጠርገው በቦታቸው ጉድጓድ የቀረም አሉ። የምህንድስና ሰነድ ስለ እነዚህ ኮረብቶች የሚናገረው ስንት ሜትር ኩብ እንደ ወጣና ቁሳቁሱ በምን ደረጃ እንደሚመደብ ነው። የከፍታ መስመር ካርታውም ቁመታቸውንና ቅርጻቸውን ይዟል። በመስከረም ምን ይመስሉ እንደ ነበር ግን በየትኛውም የጨረታ ሰነድ ውስጥ አይገኝም። ያን የያዘው፣ ካለ፣ በአንድ ሰው ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ነው።

እዚህ ላይ የሙያ ሰው ተገቢ ጥርጣሬ ያነሣል። ሠዓሊ ቀያሽ አይደለም፤ ሥዕሉ እንዲያምርለት ተራራ ያቀርባል፣ ዛፍ ያዛውራል፣ የማይወደውን የኤሌክትሪክ ምሰሶ ይዘላል። በተለይ የሚወደውን ቦታ የሚሥል ሰው የሚሥለው በትዝታው ውስጥ ያለውን ነው፤ ትዝታ ደግሞ መጠን አይጠብቅም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በሥዕል ተመርኩዞ የኮረብታ ይዘት ማስላት አይቻልም። ሠዓሊው የማይዋሽበት ነገር ግን አለ። ጥላው በየትኛው ወገን እንደሚወድቅ፣ አፈሩ ከዝናም በኋላ ወደ ምን ቀለም እንደሚዞር፣ ዛፉ የትኛው ጎን ላይ እንደሚበዛ፣ ማሳው እስከ የት ከፍታ እንደሚወጣ በዓመታት ልማድ በእጁ ገብቷል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የአፈርና የውሃ ጥበቃ ባለሙያ ቢያገኛቸው ይጠቀምባቸዋል። የቆቃ ሐይቅ ግድቡ ከተሠራ ጀምሮ የመያዝ አቅሙን በደለል እያጣ መምጣቱ የታወቀ ነው፤ ያ ደለል ከላይኛው የአዋሽ ተፋሰስ ተጠርጎ የወረደ አፈር ነው። ማሳው ገና የኮረብታውን ወገብ ሳያልፍ የተሣለ ሥዕል ለዚህ ታሪክ ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ምስክርነቱ የሚጸናው ግን የኮረብታው ስምና ዘመኑ ከሥዕሉ ጀርባ ተጽፎ ሲገኝ ነው። ያለዚያ ሸራው «መልክዐ ምድር» ከመባል አያልፍም።

የአዳማ አድማስ ራሱ በቅርቡ እንደ ገና ተሥሏል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመረቀው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ኮረብቶቹን በአዲስ አቅጣጫ ለተጓዡ አሳየ። ከከተማው በላይ ባለው ሸንተረር ላይ ደግሞ በመጀመሪያው ምዕራፍ 34፣ በሁለተኛው 102 የነፋስ ተርባይኖች ቆሙ፤ ኃይላቸውም 51ና 153 ሜጋ ዋት ነው። አሮጌው ሠዓሊ ለአድማሱ አንድ የተኛ መስመር ይበቃው ነበር፤ የዛሬው ከመቶ ሠላሳ የሚበልጡ ቀጥ ያሉ ነጭ ምሰሶዎችን ወይ ይሥላል፣ ወይ እንደ ኤሌክትሪኩ ምሰሶ ይዘላቸዋል። መዝለሉ የሚያዋጣው አይመስልም። ለአሁኑ የአዳማ ሕፃን ሸንተረሩ ያለ ተርባይን ታይቶ አያውቅም፤ ነገ የሚናፍቀው መልክዐ ምድር የሚሽከረከር ነገር ያለበት ነው።

ለማ ጉያ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በ92 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ሥራዎቻቸውንም በቢሾፍቱ ባቋቋሙት የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ሰብስበው ትተዋል። ወሩ አደይ አበባው የሚረግፍበት፣ ጤፉ ገና ያልቀላበት ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ከቢሾፍቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞሮ የቆመ ሰው በመካከሉ የአበባ እርሻዎችን የላስቲክ ጣሪያ ያያል፤ ከጣሪያው ባሻገር ጤፉ አለ፣ ከጤፉ ባሻገር ዝቋላ።